ይመር ጣሪያው ላይ የተከለው አበባ

ደሴ ውስጥ አንድ ሰው በቅናት የገዛ ንብረቱን አበላሽቶ ጥፋቱን ከጎረቤት ደጃፍ ሲፈልግ፣ ሽማግሌዎች የሚጥሉበት አንዲት አባባል አለች። ልጆች ሲሰሟት የጫማ ሰፊ ነገር ትመስላቸዋለች። ነገሩ ግን የጫማ ሰፊ አይደለም። የአባባሏ ባለቤት ይመር የሚባል ባለታክሲ ሲሆን የወለዳትም መኪናው ውስጥ የፈሰሰ ውሃ ነው።

ይመርና አራጋው ሰኞ ገበያ ሰፈር ውስጥ አጥር ለአጥር የሚኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነጭ አሮጌ መኪና ነበራቸው። መኪኖቹ በዕድሜ እኩያ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሲነሡም እኩል ያስላሉ። ልዩነታቸው የአራጋው መኪና የሙሽራ መኪና መሆኗ ብቻ ነበር። አራጋው ከቀጭን ብረት የአበባ ማሰሪያ አሠርቶ፣ በመንጠቆ ከጣሪያው ጠርዝ ጋር እያያዘ አበባና ሪባን ይደረድርበታል። ሰርግ ሲመጣ ሰው ሁሉ የአራጋውን መኪና ጠይቁ ይላል። የይመርን መኪና የሚፈልጓት ሲገኝ ለሚዜ፣ ሲጠፋ ደግሞ የወጥ ድስት ለማመላለስ ነው። የዶሮ ወጡ ሽታ ከወንበሩ ለቆ አያውቅም።

ይመር ይቀና ነበር፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። የአራጋው መኪና ሙሽራ ይዛ ጥሩምባዋን እየነፋች ስታልፍ፣ እሱ ጨርቁን አውጥቶ ንጹሕ የሆነውን መስታወት እንደገና ይወለውላል። አንድ ቀን ሚስቱን እታፈራሁን፣ የሱ መኪና የኔ የሌላት ምን አላት ብሎ ቢጠይቃት፣ አራጋው አላት ብላው ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን እራት ሳይበላ ተኛ።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ነገሩ በሆዱ ይቀር ነበር፣ ትርንጎ ባትታጭ ኖሮ። ትርንጎ የሟች ወንድሙ ልጅ ናት። ይመርና እታፈራሁ ልጅ ስላልነበራቸው ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ ልጃቸው አሳድገዋታል። የሚያገባት ልጅ የኮምቦልቻ ሰው ሲሆን፣ ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። የሙሽራው ወገኖችም እንደ ልማዱ የአራጋውን መኪና ያዙ።

ይመር ይህን እንደ ሰማ፣ እኔ ያሳደግኳትን ልጅ ከገዛ ግቢዬ አራጋው ጭኖ ሊወስዳት ነው ብሎ የእድሩ ዳኛ አባባ ፈንታው ዘንድ ሄደ። አባባ ፈንታው የሁለቱንም ቤት የሚያውቁ፣ ለሰው ነገር የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። ከሙሽራው ሽማግሎች ጋር ተነጋግረው ሙሽራዋ በአሳዳጊዋ መኪና እንድትሄድ አደረጉ። አራጋውም አልከፋውም። እንዲያውም በማግስቱ የአበባ ማሰሪያውን ተሸክሞ መጣና፣ ለልጃችን ነው፣ ውሰድና ተጠቀምበት አለው።

ይመር ማሰሪያውን አየው። ሊነካው አልፈለገም። ትርንጎ በሱ መኪና ሄዳ ሰው ሁሉ የአራጋው አበባ ሲል ታየው። የራሴን አሠራለሁ ብሎ መለሰው፤ አሠራም። ብረት በያጅ ዘንድ ሄዶ ከአራጋው ማሰሪያ በቁመትም በስፋትም የሚበልጥ አዘዘ። ያ ሁሉ ብረት ግን በመንጠቆ የሚያዝ አልሆነም። ስለዚህ መሰርሰሪያ ተውሶ የመኪናውን ጣሪያ በሳና በብሎን አሰረው። አራጋው በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሲያየው ቆየ።

«ይመር፣ ጣሪያ አይበሳም። ዝናብ ሲመጣ ይጸጽትሃል።»

«የቀናህ እንደሆን ዝም ብለህ ቅና» አለው ይመር፣ መሰርሰሪያውን ሳያቆም።

የበልግ ዝናብ ብዙም ሳይቆይ ከጦሳ ተራራ ወረደ። በማግስቱ ይመር የመኪናውን በር ሲከፍት፣ ከፊት ወንበር ሥር ያለው ምንጣፍ ውሃ ጠጥቷል። ጨመቀው፤ ደግሞ ራሰ። ውሃ አመለኛ ነው፣ በገባበት አይታይም። ከብሎኖቹ ሥር ሰርጎ በቆርቆሮውና በጣሪያው ጨርቅ መካከል እየሄደ፣ መኪናው ቁልቁል ስለሚያድር ወደ ፊት ተንሸራቶ፣ በመስታወቱ ጎን ተደብቆ ወርዶ ነበር ምንጣፉ ላይ የሚወጣው። ይመር ወደ ላይ ቀና አላለም። ወዲያው የመጣለት አራጋው ነው። መቼም ሙሽራዋን የመጫኑን ዕድል ከተነጠቀ በኋላ ዝም አይልም ብሎ የመስታወቱን ዙሪያ ጎማ አንድ በአንድ ዳሰሰ። የተቆረጠ ነገር ሲያጣ አጎንብሶ የበሮቹን ሥር አየ። በየበሩ ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳዎች አገኘ። ልቡ በደስታ ዘለለ ቢባል ውሸት አይደለም፤ ቀናተኛ ሰው የጠረጠረውን ሲያገኝ ድግስ እንደተጠራ ነው።

ታክሲ ተራው ላይ፣ ሾፌሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አራጋውን ያዘው። በሮቼን በወስፌ በሳሃቸው አለው። አራጋው የራሱን መኪና በር ከፍቶ ግርጌውን አሳየው። ያው ቀዳዳ፣ በዚያው ቦታ አለ። በመስታወቱ በኩል ወደ በሩ ሆድ የሚገባው ውሃ መውጫ እንዲያገኝ ሲሠራ ጀምሮ የተተወ ነው ብሎ አስረዳው። ሾፌሮቹ ሳቁ። ይመር ግን እየሄደ ለራሱ እንዲህ አለ፦ እንዳይነቃበት የራሱንም በስቷል።

ከጫማ ሰፊ አንድ ቆርቆሮ ማስቲሽ ገዝቶ ገባ። ጨርቅ እየነከረ የበሮቹን ቀዳዳ ሁሉ ወተፈ። የወለሉንም ውሃ መውጫ አልማረውም። ከዚያ እታፈራሁን መኪናው ውስጥ አስቀመጣትና ከየት እንደሚገባ ተመልከቺ ብሏት በባልዲ ውሃ እያመጣ በመስታወቱና በበሮቹ ላይ ደፋ። ጠብ የሚል ነገር አላየችም።

«ጣሪያውንስ? እዚያ ብሎኑ ላይ ብታፈስበት» አለችው ከውስጥ ሆና።

«የኔ እጅ ያረፈበት አያፈስም» አላት። ባልዲውንም አስቀመጠ።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሰማዩ ገና ከማለዳው ጠቁሮ ነበር። ይመር ግን ደስታው ሌላ ነው። አበባው ከሩቅ ይታያል፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል፤ አራጋው ደግሞ ዛሬ ተራው ደርሶት ድስቶቹን ጭኖ ከኋላ ይከተላል። ትርንጎ ኮምቦልቻ ወደሚጠብቃት ሙሽራ ለመሄድ በነጭ ቬሎዋ ከሚዜዎቿ ጋር ከኋላ ተቀመጠች። አባባ ፈንታው አዲስ ጫማቸውን አድርገው ከፊት ገቡ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ መኪኖቹም ጥሩምባቸውን እየነፉ ከግቢ ወጡ።

ከከተማው ሳይወጡ አንደኛዋ ሚዜ ጣሪያው እያበጠ ነው አለች። እውነትም ጨርቁ ልክ እንደ ሞላ ስልቻ በትርንጎ ራስ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ይመር በመስታወት አየው። አይቶም ጥሩምባውን ይበልጥ ነፋ። ወዲያው አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ጨርቁ ተተረተረ። ያ ሁሉ ውሃ በቬሎው ላይ ተዘረገፈ። መንገዱ ወደ ኮምቦልቻ ማቆልቆል ሲጀምር ደግሞ መውጫ ያጣው ውሃ በወለሉ ላይ ወደ ፊት ተንቦጫረቀና የአባባ ፈንታውን ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሞላው። የበሮቹ ሆድ እንደ እንስራ ይንቦጫቦጫል።

ይመር መንገድ ዳር አቆመ። አራጋው ከኋላ ደርሶ ጃንጥላውን ይዞ ሮጠ። ድስቶቹን ከወንበሩ እያነሣ ወደ ሌላ መኪና ካስጫነ በኋላ ጋቢውን አውጥቶ ትርንጎን አለበሳት። ከዚያ ወደ ይመር መጥቶ የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋለት።

«በኔዋ ሂዱ። ልጅህን አንተው አድርሳት፣ እኔ ካንተዋ ጋር እቀራለሁ።»

ይመር ቁልፉን አየ። ቁልፉ ከበሮቹ ቀዳዳ፣ ከሾፌሮቹ ሳቅ፣ ከሁሉም በላይ አቃጠለው። አራጋው ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ትርንጎ ያደፈውን ቬሎዋን ሰብስባ ዝናቡ ውስጥ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ካንተ ጋር ነው የምሄደው። በየትኛዋም ይሁን» አለችው።

እሱ ግን ዞር ብሎ ከኋላ ሣጥኑ ውስጥ የማስቲሹን ቆርቆሮ አወጣ። መጣሁ፣ ይህችን ብቻ ልድፈን እያለ በሩ ጠርዝ ላይ ወጣና፣ ከሚንጠባጠበው አበባ ሥር ገብቶ በራሱ መሰርሰሪያ የበሳውን እየለቀለቀ ሊደፍን ታገለ። ማስቲሹ እርጥቡ ቆርቆሮ ላይ አልይዝ ብሎ ከዝናቡ ጋር በመስታወቱ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። አራጋው እጁን እንደ ዘረጋ ነው። ልጅቷም እየጠበቀችው ነው። እሱ ዓይኑን ከሁለቱም አሽሽቶ፣ አንዱን ብሎን ትቶ ሌላውን ይለቀልቃል።

አባባ ፈንታው ቀስ ብለው ከመኪናው ወረዱ። አንደኛውን ጫማቸውን አውልቀው ውሃውን አፈሰሱ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩትና እንዲህ አሉት፦

«ውረድና ቁልፉን ተቀበል፣ ልጄ፤ ቅናት የበሳውን ማስቲሽ አይደፍነውም።»