ጓንጉልና የሚራመደው አጥር

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!

ምነው ድምፃችሁ ሟሸሸ፣ እራት አልበላችሁም እንዴ? ይሁን፤ ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ከከተማው ዳር፣ አያ ጓንጉል የሚባል ሰው ነበረ። ከሚስቱ ከይርገዱ ጋር ደህና ቤትና ሰፊ ጓሮ ነበረው። እንቅልፍ ግን አልነበረውም። ለምን? የገዛ ጥላውን የማያምን ተጠራጣሪ ነዋ! «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፤ ሌላ ተረት አያውቅም።

ከጎኑ አንጓች የምትባል ልጅ እግር ሴት ከባሏ ጋር ጎጆ ወጣች። የሁለቱ ቤት የጋራ አጥር ቅንጭብ ነበር። ቅንጭብን ታውቁታላችሁ፤ ሲቆርጡት ነጭ ወተት ያፈሳል፣ ያ ወተት ደግሞ የዓይን ጠላት ነው።

አንድ ቀን ጓንጉል ጓሮውን በእርምጃ ለካና ጮኸ።

፦ ይርገዱ! አጥሩ ወደኛ መጥቷል!
፦ ቅንጭብ አይደል፣ ይሰፋል እንጂ የት ይሄዳል?
፦ ይሄዳል እንጂ! እነዚህ ልጆች ናቸው የሚነዱት። ዛሬ ስንዝር፣ ነገ ክንድ፣ ከዚያ አልጋዬ ላይ ይተኛሉ።

ከዚያም መጠርጠር ሆነ ሥራው። አንጓች ጎመን ሠርታ ብትልክለት «አፍ ማስያዣ ነው» አለና ለውሻው ሰጠው። ውሻው በላና ከንፈሩን ላሰ። ባሏ ደህና አደሩ ቢለው «ደግሞ ምን አስቦ ነው?» አለ። በመጨረሻም ሽማግሎች እሁድ መጥተው ድንበሩን እንዲያዩለት ለመነ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታዲያ አንጓች ሕፃኗን አዝላ ከአጥሩ ሥር አጎንብሳ አያት።

፦ ያዝኳት! ወደኔ ስትተክል ያዝኳት! አለና፣ ወለል ብላ እንድትታየው ቅንጭቡን በገጀራ መታው። ወተቱ ተፈናጥሮ ሁለቱም ዓይኑ ውስጥ ገባ።

፦ ኧረ ዓይኔን! ኧረ ጠፋሁ!

አንጓች አጥሩን ዞራ በሩጫ መጣች።

፦ አባባ፣ እናቴ ይህን በጡት ወተት ስታበርድ አይቻለሁ። ቀና ይበሉ።
፦ አትንኪኝ! ልትጨርሺኝ ነው!
፦ አንተ ሰው፣ ታውረህ ልትቀር ነው? አለች ይርገዱ፤ ጭንቅላቱንም ግጥም አድርጋ ያዘችው።

ጓንጉል መታወሩን ፈራ። እያማተበ ቀና አለ። አንጓችም ጡቷን አለበችና በዓይኑ ጠብ ጠብ አደረገችለት። ደጋግማ አደረገችለት። ቃጠሎው በረደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚስቱ ፊት ብዥ እያለም ቢሆን ታየው።

፦ ከአጥሩ ሥር ምን ትሠሪ ነበር? አለ። አልተወም እኮ!
፦ ዶሮዎ እዚያ ታቅፋለች፣ አባባ። ድመት እንዳይደርስባት እሾህ ላጥርላት ብዬ ነው።

ጓንጉል አፈረ፣ በጣም አፈረ።

እሁድ ሽማግሎቹ መጡ።

፦ በል ክሰስ፤ ድንበርህን አሳየን።

ጓንጉል ዓይኑ በርበሬ መስሎ ተነሣ።

፦ ወተቷ ደርሶኛል፤ የጡት ልጇ ነኝ። ልጅ እናቱን ይከሳል?

ሽማግሎቹ ሳቁ። እሷ ሃያ፣ እሱ ስድሳ! እሱ ግን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመና፣ በዚያው ገጀራ አጥሩን ሰው እንዲያሳልፍ አድርጎ ከፈተው። ፊቱን ግን በነጠላ ሸፍኖ ነው፤ አንዴ ተቃጥሏላ!

ማታ አንጓች ጎመን ይዛ በዚያ በር ገባች። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ሮጠ። ጓንጉል ግን ቀደመው።

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ለውሻው እንዳትሰጡብኝ ብቻ!