ሠላሳ አንደኛው ሳጥን

አንድ የስካውት መሪ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሃያ ሦስት ሕፃናት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ስማቸው ጋሽ ይልቃል ይባላል። ልጆቹ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት የሚሆናቸው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እየተሰበሰቡ ገመድ መቋጠር፣ ቁስል ማሰር፣ ችግኝ መትከልና በሰልፍ መሄድ ይማራሉ። አንዱን ሥራ በደንብ የቻለ ልጅ ደረት ላይ የሚሰካ ባጅ ይሸለማል። አምስት ባጅ የሞላለት ልጅ ደግሞ በከተማው በዓል ቀን ባንዲራ ይዞ ከሰልፉ ፊት ይሄዳል።

ትርሲት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አራት ባጅ ነበራት። አቤኔዘር የሚባል እኩያዋም አራት ነበረው። ለሁለቱም የቀራቸው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጎረቤት ባጅ ነው።

የጎረቤት ባጅ እንደ ሌሎቹ በአንድ ቅዳሜ አይገኝም። ልጁ እርዳታ የሚያስፈልገው ጎረቤት ይመርጥና በየቀኑ አንድ ሥራ ይሠራለታል። ጋሽ ይልቃል ሠላሳ ሳጥን የተሰመረበት ካርድ ይሰጡታል። ጎረቤቱ በየቀኑ አንድ ሳጥን ላይ ይፈርማል። ሠላሳው ሲሞላ ባጁ ይገኛል። ቡድኑ በዚህ ላይ አንድ ልማድ አለው። ሌሎቹን ባጆች ልጁ ደረት ላይ የሚሰኩት ጋሽ ይልቃል ሲሆኑ፣ የጎረቤትን ባጅ ግን የሚሰካው የተረዳው ጎረቤት ራሱ ነው።

“እኔ እኮ ጀምሬያለሁ” አለ አቤኔዘር ካርዱን እያውለበለበ። “የእትዬ ብርቄን ቆሻሻ እደፋለሁ። ስድስት ቀን ተፈርሞልኛል። አንቺ ባንዲራውን ከኋላ ሆነሽ ታዪዋለሽ።”

“አንተ ባንዲራ ከመያዝህ በፊት አፍንጫህን ጥረግ” አለችው ትርሲት።

ልጆቹ ሳቁ። እሷ ግን ያን ቀን ካርድ ተቀብላ እየሮጠች ወደ ሰፈሯ ሄደች።

ከእነ ትርሲት ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አባባ ሰጥአርጌ ይኖራሉ። ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል። በሌላው ትንሽ ያያሉ፤ በራቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈው ሰው ማን እንደ ሆነ ከአካሄዱ ይለያሉ። ሐኪሙ ጠብታ ሰጥቷቸው “የጠፋው አይመለስም። ይሄ የቀረው እንዳይጠፋ ነው፤ አንድ ቀን እንዳያልፍዎት” ብሏቸዋል። ነገር ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ራሳቸው ሲሞክሩ ጠብታው ጉንጫቸው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ ሌላ ጎረቤት አመሻሽ ላይ እየመጡ ይጨምሩላቸው ነበር።

ትርሲት በራቸው ላይ ቆማ “አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠብታውን እኔ ልጨምርልዎት?” አለቻቸው።

“የቀረችኝን አንዷን ደግሞ ወግተሽ ልታጠፊያት ነው?”

“ቁስል ማሰር ባጅ አለኝ እኮ!”

“እንግዲያውስ ዶክተር ነሽ። ነይ።”

እጇ እውነትም አይንቀጠቀጥም። የመጀመሪያው ጠብታ በትክክል ገባ። አባባ ሰጥአርጌ ደስ አላቸውና ለወይዘሮ አልጋነሽ “ከእንግዲህ እርስዎ ይረፉ፤ ሰው አግኝቻለሁ” አሏቸው። ወይዘሮ አልጋነሽም አመሻሽ ላይ ዳቦ ቤት ሥራ ተገኝቶላቸው ስለ ነበር አመስግነው ቀሩ።

ትርሲት በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመጣለች። አባባ ሰጥአርጌ በርጩማቸውን በር ላይ አውጥተው ይጠብቃሉ። ከመንገዱ ማዶ ብቅ ስትል “ዶክተር መጣች!” ይላሉ። ቀና ሲሉላት ትጨምርላቸዋለች። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቱ ይጠይቋታል።

“ዛሬ ደወሉን ያ አዲሱ ዘበኛ ነው የደወለው?”

“አዎ፣ አባባ።”

“አራት ደቂቃ አሳልፏል። ከዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ፀሐይ ራሷ በደወሌ ነበር የምትወጣው።”

ትርሲት ስለ አቤኔዘርም ትነግራቸዋለች፤ ስለማይጠርገው አፍንጫው፣ ስለ ባንዲራው፣ ስንት ቀን እንደቀደማት። በመጨረሻ እርሳስ ታስይዛቸውና ጣታቸውን ሳጥኑ ላይ ታደርግላቸዋለች። እሳቸውም አንድ መስመር ያሰምራሉ። ፊርማቸው እሱ ነው።

በሃያኛው ቀን ግን ሳይፈርሙ ቀሩ። እርሳሱ የት እንደ ገባ አላውቅም አሉ። ትርሲት በማግስቱ ለሁለት ቀን እንዲፈርሙላት ስትጠይቃቸው እምቢ አሉ።

“አንድ ቀን አንድ ፊርማ ነው። ዘበኛ ላለፈ ቀን አይፈርምም።”

ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ረሱ። ሳጥኖቹ ሊያልቁ ሁለት ሲቀሩ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ረሱ።

“አባባ፣ ምን ነው! አቤኔዘር እኮ ጨረሰ!” አለች ትርሲት፤ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

“እርጅና ነው ልጄ። ምን ላድርግ፣ ረሳሁ።”

በዚህ ምክንያት ሠላሳው ሳጥን የሞላው በሠላሳ ሦስት ቀን ነው። የመጨረሻው መስመር ሲሰመር ትርሲት ዘለለች። “ሞላ! አባባ፣ ሞላ!” ብላ ጉልበታቸውን ስማ ካርዷን ይዛ ሮጠች። እሳቸው “እደጊ” አሏት። “ነገስ?” ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ግን ተዉት። ሥራዋን የጨረሰች ልጅን መለመን ነውር መስሎ ታያቸው።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በርጩማቸውን አወጡ። ትርሲት አልመጣችም። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። ካርዱ ላይ ሠላሳ አንደኛ ሳጥን ስላልነበረ ነው። እሷ በዚያ ሰዓት ግቢያቸው ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት እንደ ባንዲራ ይዛ መራመድ ትለማመድ ነበር።

አባባ ሰጥአርጌ ራሳቸው ሞከሩ። ጠብታው ጉንጫቸው ላይ፣ አንገታቸው ላይ፣ ሸሚዛቸው ላይ ወረደ። ለወር የተሰጣቸው መድኃኒት በዘጠኝ ቀን አለቀ። ወይዘሮ አልጋነሽን እንዳይጠሩ፣ በራሳቸው አፍ ይረፉ ብለው አሰናብተዋቸዋል። ለማንም ሳይነግሩ ያለ መድኃኒት ቀሩ።

የባጅ መስጫው ቀን የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ወላጆችም ጎረቤቶችም በሜዳው ዙሪያ ቆመዋል። መጀመሪያ አቤኔዘር ተጠራ። እትዬ ብርቄ ባጁን ሰክተውለት እልል አሉና ጉንጩን ቆንጠጥ አደረጉት። ከዚያ የትርሲት ተራ ሆነ። አባባ ሰጥአርጌ በአንድ ልጅ ተመርተው መጡ። ጋሽ ይልቃል ባጁን እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

አባባ ሰጥአርጌ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው በትርሲት ትከሻ አጠገብ አልፎ ሄደ።

“ልጄ፣ የት ነሽ?”

“ፊትዎ ነኝ፣ አባባ።”

የሚቀልዱ መስሏቸው ልጆቹ ሳቁ። ትርሲት አልሳቀችም። ከመንገድ ማዶ ሆና የሚለዩዋት ሰው አሁን አንድ እርምጃ ቀርባቸው አላዩዋትም።

“አባባ፣ ጠብታውን ማን እየጨመረልዎት ነው?”

“ተይው። ነይ ባጅሽን ልሰካልሽ።”

“ማን ነው?”

“ማንም” አሉ አባባ ሰጥአርጌ።

ሽማግሌው ባጁን በእጃቸው አገላበጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

“ሁላችሁም ካላችሁ ልንገራችሁ። የዚህች ልጅ ካርድ ላይ ሦስት ቀን ሳልፈርም ቀርቻለሁ። ረሳሁ አልኳት። አልረሳሁም። ሠላሳ አራት ዓመት እዚህ በር ላይ ስቆም አንድ ቀን ዋሽቼ አላውቅም። ካርዱ ሲሞላ እንደምትቀር ስላወቅሁ ሦስት ቀን ሰረቅኋት። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።”

ትርሲት አለቀሰች። “ጋሽዬ፣ ባጁ ይቅርብኝ” አለች።

ጋሽ ይልቃል ካርዷን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት።

“ካርዱ የሚለው ሠላሳ ቀን ነው። አንቺ ሠላሳ ሦስት ቀን ሄደሻል። የተባልሽውን አድርገሻል፤ ባጁ ያንቺ ነው። ጥፋቱ የካርዱ ነው። ካርዱን ያሰመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እሳቸው ጠብታ የሚያስፈልጋቸው ዕድሜ ልክ ነው፤ እኔ ሠላሳ ሳጥን ሠርቼ ልጅ ላክሁባቸው። ሠላሳ አንደኛው ቀን ምን ይሆናል ብዬ አልጠየቅሁም።” ትርሲት የአባባ ሰጥአርጌን እጅ ይዛ አስጠጋችላቸውና ባጁን ሰኩላት።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ይልቃል አባባ ሰጥአርጌን ይዘው ወደ ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙ መርምሮ “የቀነሰው አይመለስም። ጥቂት ግን ቀርቷል፤ እሱን እንጠብቀው” አለ። አዲስ ጠብታም ሰጣቸው፤ እስከ በዓሉ ቀን ድረስ ጋሽ ይልቃል ራሳቸው እየመጡ ጨመሩላቸው።

በበዓሉ ቀን ባንዲራውን አቤኔዘር ያዘ። ትርሲት ራሷ “እሱ ይያዝ፤ ቀድሞኝ ጨርሷል” ብላ ነው። እሷ ከኋላው ተሰለፈች። ሰልፉ ሲበተን ልጆቹ ከረሜላ ወደሚታደልበት ሮጡ፤ ትርሲት ግን የስካውት ልብሷን እንደለበሰች ወደ አባባ ሰጥአርጌ ቤት ሄደች። በርጩማው በር ላይ ነበር። እሳቸውም እርሳሳቸውን ይዘዋል።

“ካርዱን አምጪው” አሏት ጠብታው ከገባ በኋላ።

“ካርድ የለም፣ አባባ።”

“ታዲያ የት ልፈርም?”

“አይፈረምም። ግን እኔ ሁልጊዜ አልችልም፤ ማክሰኞና ሐሙስ አቤኔዘር ይመጣል። አስተምሬዋለሁ። እሁድ ደግሞ ወይዘሮ አልጋነሽ ሥራ ስለሌለኝ እመጣለሁ ብለዋል።”

“ያ አፍንጫውን የማይጠርገው ልጅ?”

“አሁን ይጠርጋል።”

“እስቲ እናያለን” አሉ አባባ ሰጥአርጌ፤ እርሳሱንም ኪሳቸው ከተቱት።

ጋሽ ይልቃል ከዚያ በኋላ ካርዱን ለወጡት። ሠላሳዎቹ ሳጥኖች አሁንም አሉ፤ ልጅ ሳጥን ሲሞላ ደስ ይለዋልና አላጠፏቸውም። ከእነሱ በታች ግን አንድ ሰፊ ሳጥን ጨመሩ። እዚያ ላይ “አንተ የማትመጣ ቀን ማን ይመጣል?” የሚል ጥያቄ ተጽፏል። በዚያ ሳጥን ውስጥ የሰው ስም ያልጻፈ ልጅ፣ ሠላሳው ቢሞላለትም ባጁን አያገኝም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ሽልማት መውደድ ጥፋት አይደለም፤ ልጅም አዋቂም ይወደዋል። ነገር ግን ሽልማቱ የእኛን ድካም ይጨርሳል እንጂ የሰውየውን ችግር አይጨርስም። አባባ ሰጥአርጌ ትርሲት ከመምጣቷ በፊት የሚረዳቸው ሰው ነበራቸው። በእሷ ተማምነው ያን ሰው አሰናበቱ። ሰው ከተደገፈብን በኋላ ድንገት ዞር ማለት፣ መጀመሪያውኑ ካለመርዳት ሊብስ ይችላል። ዕድሜ ልክ እንድንረዳ ማንም አያስገድደንም። ስንሄድ ግን ቦታችንን ለሌላ ሰው አስረክበን መሄድ እንችላለን።

እኛም የሆነ ካርድ ሞልቶልን፣ ተጨብጭቦልን ወደ ቤታችን የተመለስንበት ቀን ይኖራል። በማግስቱ በርጩማውን በር ላይ አውጥቶ የጠበቀን ማን ነበር?