ጀርባውን ወደ ውጭ ያቆሙት ግድግዳ

«እትዬ ጃርት፣ ገልብጠሽ አቆምሽኝ እኮ!» አለ ግድግዳው። «ጀርባዬ ወደ ውጭ ነው፣ ወደ ጅቡ!»

«ዝም በል። ገና ጭራሮ ነህ» አለችው ጃርት፣ መዶሻዋን እያነሳች።

የምትሰሙኝ ሁሉ ጠጋ በሉ። ይህ የሆነው ሰዎች በጣታቸው በሚጫወቱባት፣ በስክሪን ውስጥ ባለች አገር ነው። እዚያ ቤት ለማሻሻል ማፍረስ የለም። መጀመሪያ ጭራሮ ይቆማል። እንጨት ሰጥተው በመዶሻ ሲመቱት እንጨት ይሆናል። ድንጋይ ሲሰጡት ድንጋይ፣ ብረት ሲሰጡት ብረት። ግን ግድግዳ ሁሉ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱን ዶማ አይበግረውም። ጀርባው ግን ብረት እንኳ ቢሆን በዶማ ይፈርሳል። ማዞር የሚቻለው ደግሞ እንደተመታ ነው፤ መዶሻው ሳይቀዘቅዝ።

ጃርት ሦስት ልጆች ነበሯት። ከወንዙ ማዶ አያ ጅቦ ነበር። ልጆቹን ከሩቅ አይቶ ምራቁን ውጧል።

ጃርት ለግድግዳው እንጨት ሰጠችና መታችው። ቷ! እንጨት ሆነ።

«አሁን አዙሪኝ» አለ።

«ፊትህ ያምራል። ቤቱ የኔ፣ የማየውም እኔ። ለመንገደኛ ነው እንዴ የሠራሁህ?»

መዶሻው ቀዘቀዘ።

ድንጋይ አመጣች። ቷ! ድንጋይ ሆነ።

«በልጆችሽ ይሁንብሽ፣ አዙሪኝ!»

«ልጆቼ ፊትህ ላይ ሥዕል ስለዋል። ጅብ እንዲያየው ላውጣው?»

መዶሻው ቀዘቀዘ።

ሰባት ቀን ተራራ ወጥታ ብረት አመጣች። ቷ! ብረት ሆነ። ይኼኔ መዶሻው ራሱ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ ከብረት በላይ የለም። የመጨረሻው ምት ነው። እናዙረው።»

«ብረትን ማን ይደፍራል?» ብላ ሳቀች። አራቱንም ግድግዳ፣ በሩንም ፊታቸው ወደ ውስጥ እንደሆነ ብረት አደረገች። መዶሻው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አያ ጅቦ ዶማ ተሸክሞ መጣ። ቤቱን ዞረው። የግድግዳው ጀርባ ጋ ቆሞ ተንከተከተ።

«ብረት ነው ብለው አስፈራርተውኝ! ማን ነው እንዲህ ያቆመህ?»

«አትጠይቀኝ፣ አፍሬያለሁ» አለ ግድግዳው።

አንድ ጊዜ መታው፤ ተሰነጠቀ። ሁለተኛ መታው፤ ጎበጠ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ልጆቹ እናታቸው እግር ሥር ተሸጎጡ።

«የቀሩት ሦስቱ ግድግዳዎችስ?» አለች ጃርት።

«እነሱም ፊታቸው ወደ ውስጥ ነው» አለ መዶሻው። «ስንት ጊዜ ተነገረሽ!»

«ወደ ውስጥ?» ጃርት ቀና አለች። «ጎሽ! እንጨትና ድንጋይ ተርፎናል?»

«ለአንድ ግድግዳ።»

«ልጆች፣ በበሩ ውጡ። በሩ ጋ ቁሙና ዝጉ ስላችሁ ዝጉት።»

ግድግዳው ወደቀ። ጅቡ ዘሎ ገባ። ጃርት በበሩ ወጥታ ቤቱን በሩጫ ዞረች። ክፍተቱ ላይ ጭራሮ አቆመች፣ ፊቱን ወደ ውስጥ።

«ልዙር እንዴ?» አለ አዲሱ ግድግዳ።

«እንዳትነቃነቅ!»

ቷ! እንጨት። ቷ! ድንጋይ።

«የት ገቡ እነዚህ?» አለ ጅቡ። ዞር ሲል ክፍተቱ የለም። በዶማው መታ። ዶማው ነጥሮ ግንባሩን አገኘው።

«እትዬ ጃርት!» አለ ድምፁን አለስልሶ። «የአንድ መንደር ሰዎች አይደለን እንዴ? እንነጋገር እንጂ!» እያለ ወደ በሩ ሮጠ።

«ዝጉ!» አለች ጃርት።

ሦስቱ ልጆች በሩን ገፍተው ከውጭ ቀረቀሩት። ጓ አለ።