መሬት የነካው ኮክ

«አንድ ሰው ነበረ፤ አርባ የኮክ ዛፍ የነበረው ሰው።»

የኔታ ወልደ ሰንበት ይህን ሲሉ ጠያቂያቸው ገና አልተቀመጠም ነበር። ጠያቂው የእህል ነጋዴ ነው። ለአብነት ተማሪዎቹ ይሁን ብሎ አንድ ጆንያ ስንዴ ቢልክ፣ የኔታ አልቀበልም ብለው ከደጅ አስቀሩበት። ተቆጥቶ መጣና፣ «የኔታ፣ የተሰጠ ሁሉ ምጽዋት አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። የእርሳቸው ቁጣ ደግሞ ከእርሱ ይብስ ነበርና፣ ተቀመጥ እንኳ ሳይሉት ምሳሌውን ጀመሩ። ከዚህ በኋላ ያለው የእርሳቸው ቃል ነው።

ይህ ሰው ባለጠጋ ነበር። የአትክልት ቦታው ከወንዙ ዳር ተነሥቶ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ይነካል። ኮክ የሚደርስበት ወር ሲመጣ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና ከዛፍ ላይ ያለው የእኔ ነው፣ መሬት የነካው የድኻ ነው ብሎ ያስነግራል። ድኻውም ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል፣ መርቆት ይወጣል። ሰንበት በመጣ ቁጥር የሰውየው ስም በምርቃት ይነሣል። እርሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ ይሰማል። በዚያ አገር እንደ እርሱ ያለ ቸር የለም ይባል ነበር።

እስቲ አንተው ንገረኝ፤ ኮክ ጊዜው ሳይደርስ ከዛፉ የሚወድቀው ለምንድን ነው? ትል ስለ በላው ነዋ። ሰውየው አያውቅም ነበር እንዳልል፣ ከወደቀው አንዲት ፍሬ ቀምሶ አያውቅም። ለልጆቹም አልሰጠም። ለእንግዳም አላቀረበም። ለበቅሎው እንኳ የሚወርደው ከዛፍ ላይ ነበር።

ከአትክልቱ አጥር ማዶ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። እርሻ የላት፣ በሬ የላት፤ ያላት ባሏ በሕይወት ሳለ የተከላቸው አራት የኮክ ዛፎች ናቸው። እርሷና ሁለት ሴቶች ልጆቿ ዓመቱን የሚገፉት በእነዚያ አራት ዛፎች ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ፍሬው ትል እየያዘው ይረግፍ ጀመር። የእርሷ ብቻ አይደለም፣ የመንደሩ ሁሉ ኮክ እንዲሁ ሆነ። አንዱ የሰማይ ቁጣ ነው አለ፤ ሌላው ዝናቡ ነው አለ፤ ዓይነ ጥላ ነው ያለም ነበር። ሁሉም አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ያያል እንጂ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያየ ሰው አልነበረም።

እርሷ ጎንበስ አለች። ከወደቁት አንዱን ሰንጥቃ ነጩን ትል አወጣችና አፈር ላይ አኖረችው። ትሉ እየተቆለመመ ሄዶ አፈሩ ውስጥ ገባ። ሴትየዋ የገንቦ ስባሪ ደፋችበትና በየማለዳው እያነሣች ታይ ጀመር። ትሉ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ቡናማ ነገር ሆኖ ብዙ ቀን ቆየ። በሦስተኛው ሳምንት ስባሪውን ብታነሣ ቅንጣቱ ተከፍቶ ባዶ ሆኗል፤ አጠገቡ ክንፏ ዥንጉርጉር የሆነ፣ ከቤት ዝንብ የምታንስ ቢጫ ዝንብ ተቀምጣለች። በማግስቱ ያችኑ የመሰለች ዝንብ መቅላት በጀመረ ኮክ ላይ ዐርፋ በጭራዋ ስትወጋው አየች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ትሉ የዝንቧ ልጅ ነው። የወደቀው ኮክ ሳይነሣ በቆየ ቁጥር ትሉ አፈር ይገባል፣ ዝንብ ሆኖ ይወጣል፣ ተመልሶም ደኅናውን ፍሬ ይወጋል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዛፎቿ ሥር የወደቀውን ማለዳ ማለዳ ትለቅማለች። ከክንድ በሚጠልቅ ጉድጓድ ትቀብረውና አፈሩን ደኅና አድርጋ ትረግጠዋለች። ዶሮዎቿንም ከዛፎቹ ሥር ትለቃለች፤ ያመለጣትን እነርሱ እየጫሩ ይበሉላታል። አሮጌ ነጠላዋን ቀድዳ ትንንሽ ከረጢት ሰፋችና ፍሬዎቹን ገና ጥሬ ሳሉ እያንዳንዳቸውን አለበሰቻቸው። ጎረቤቱ ሳቀባት፤ «ኮክ አልባሽ» የሚል ስምም ወጣላት። ነጠላው ግን አንድ ነውና የደረሰው ለአንድ ዛፍ ብቻ ነበር። ሌላውን ከአጥር ማዶ እየመጣ ዝንቡ ጨረሰባት።

ስለዚህ ወደ ባለጠጋው ሄደች። ከደጁ ቆማ ያየችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው። ዋጋ አልጠየቀችም፤ እኔና ልጆቼ በየማለዳው እየገባን የወደቀውን እንልቀምልህና እንቅበርልህ፣ ለአንተም ለእኛም ይበጃል ነው ያለችው። እርሱ አዳምጧት ሲያበቃ የመለሰላት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«የድኻን ቀለብ ልትቀብሪብኝ መጣሽ?»

በሰንበት ይህንኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዋርካው ሥር ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን በእርሷ ነው። ለድኻ በሚሰጠው የምትቀና፣ ምን ዓይነት ሴት ናት አሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ነገሩን ለማረጋገጥ ከዛፎቿ ሥር በሌሎች ትሎችም ላይ የደፋቻቸውን የገንቦ ስባሪዎች አስታወሰ። ሰው ተልኮ ቢገለጡ ከሥራቸው ትል ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ማን ይስማት? ለካ ትሉን የምታረባው እርሷ ናት ተባለና አራቱም ዛፎች ተቆርጠው እንዲቃጠሉ ተፈረደ።

ሴትየዋ አላለቀሰችም። ሦስት ሳምንትና ሁለት ማሰሮ ስጡኝ አለች። አንዱ ማሰሮ ከእርሷ ዛፍ ሥር፣ ሌላው ከባለጠጋው ዛፍ ሥር በተዛቀ አፈር ይሞላ፤ አፋቸው በስስ ነጠላ ይታሰር፤ ከሽማግሌዎቹ በአንዱ ቤትም ይቀመጥ ብላ ለመነች። ምን እንዳሰበች ባይገባቸውም እሺ አሉ።

ሦስቱ ሳምንት አልፎ ሁለቱ ማሰሮዎች ዋርካው ሥር ቀረቡ። ከእርሷ ዛፍ ሥር የመጣው ማሰሮ ምንም የለበትም። ከባለጠጋው ዛፍ ሥር የመጣው ግን ነጠላው ከውስጥ በኩል በዥንጉርጉር ዝንብ ተሸፍኖ ይርመሰመሳል። የቀረበው ሁሉ አየ፤ አላየሁም ሊል የሚችል ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከእነርሱ ትልቁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ነገሩስ እውነት ነው» አለ። «ነገር ግን ይህን ሰው በአደባባይ ብናሳፍረው ነገ ለድኻ የሚሰጥ ማን ይኖራል?» የቀሩትም ራሳቸውን ነቀነቁ። የባለጠጋው በር እንደ ተከፈተ ይኑር፤ የእርሷም ዛፎች፣ ፍርዱ አንድ ጊዜ ከአፋችን ወጥቷልና፣ ይቆረጡ አሉ። ይህን በተናገርሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ባያዩ ኖሮ ይቅር እላቸው ነበር።

ሴትየዋ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰው ሁሉ ዛፎቿን አቅፋ ልታለቅስ ነው ብሎ ነበር። እርሷ ግን አንድ ቅርጫት ሙሉ ኮክ ይዛ ተመለሰች፤ ነጠላ የለበሱትን፣ ከዛፉ ላይ ያወረደቻቸውን። ለልጆቿ ልብስ ትለውጥባቸው ዘንድ ያቆየቻቸው እነርሱን ነበር። በሽማግሌዎቹ ፊት አልፋ ከደጀ ሰላሙ ወደ ተቀመጡት ነዳያን ሄደችና፣ ከረጢቱን እያወለቀች በእያንዳንዳቸው እጅ አንድ አንድ ኮክ አኖረች።

ከነዳያኑ መካከል ሰባት ዓመት ከባለጠጋው ዛፍ ሥር እየለቀመ የበላ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበር። ኮኩን በሁለት አውራ ጣቱ ሰነጠቀው። እንደ ልማዱም ከመብላቱ በፊት ጣቱን በፍሬው ዙሪያ እያዞረ ትሉን ፈለገ። አላገኘም። ሁለተኛውን ክፋይ ደግሞ ዳሰሰ። እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ከዚያ ፊቱን ሴትየዋ ወደ ቆመችበት አቅንቶ ጠየቃት።

«እናቴ፣ የዚህስ ትሉ ወዴት ሄደ?»

«የለውም አባባ፤ ይብሉት።»

«ኮክ ያለ ትል ይኖራል እንዴ?»

ማንንም ሊያሳፍር ብሎ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀው፤ አያውቅማ። ሰባት ዓመት ሙሉ ኮክ ማለት ከነትሉ የሚበላ ነገር መስሎት ነበር የኖረው። ዋርካው ሥር የቆመው ባለጠጋም እንደ ሰንበቱ አንገቱን ሰበረ፤ ያን ቀን ግን የሚመርቀው አልነበረም። ዓይነ ስውሩም ኮኩን በልቶ ሲያበቃ፣ ሴትየዋ ለሽማግሌዎቹ ስትናገር ሰምቷት ነበርና፣ የወደቀው ኮክ የት ነው የሚቀበረው ብሎ ተነሣ። ነዳያኑም ተከትለውት በዚያው ለእነርሱ በተከፈተው በር ገቡና የወደቀውን ይለቅሙ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ሌላ የሚሠሩት ነገር ቢያጡ ዶማ ይዘው ከኋላ ገብተው ቆፈሩ። ስለ ዛፍ መቁረጥ ዳግመኛ ያነሣ ሰው የለም። በሁለተኛው ዓመት የመንደሩ ኮክ ዳነ፤ ከሁሉ አብልጦ የዳነው የባለጠጋው ነበር፤ ትሉ እኮ ከዛፍ ላይ ያለውንም፣ የእኔ ነው የሚለውን፣ ይበላበት ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። የተሰጠ ሁሉ ምጽዋት አይደለም ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ባለጠጋው አንተ ነህ። ስንዴህ መንቀዙ አይደለም ያስቆጣኝ፤ እህል ይነቅዛል። ከፍተህ አየኸው፣ ለልጆችህ አይሆንም አልህ፣ ለገበያ አይሆንም አልህ፣ ከዚያ በኋላ የእኔ ተማሪዎች ትዝ አሉህ። ከአንተ ቤት ሲወጣ ቆሻሻ የነበረ ነገር እኔ ደጅ ሲደርስ እንዴት ምጽዋት ይሆናል? ተማሪዎቼ ይህን እየበሉ ቢያድጉ፣ ስንዴ ማለት ከነነቀዙ የሚበላ ነገር ነው ብለው እንዲቀሩ ነው የፈረድህባቸው። ነቀዙ ደግሞ በእኛ ጆንያ ብቻ የቀረ አይምሰልህ። ቤትህ ገብተህ ከጎተራህ ሥር እጅህን ስደድና እይ።

ጆንያህ ያው ከደጃፉ ቆሟል። አፉን በስስ ነጠላ ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ ነጠላው ላይ የሚሄደውን ቀርበህ ተመልከት። አይተህ ስታበቃ ተሸክመህ ውሰደውና ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው። ስትመለስ ልጆችህ ከሚበሉት ስንዴ አንድ ቁና ብቻ ይዘህ ና፤ ያን ጊዜ እኔ ራሴ ወጥቼ እቀበልሃለሁ።