«ሀ» ያልተጻፈበት ፕሮግራም

አንድ ሰው ነበረ፤ ጎልማሶችን ፊደል የሚያስቆጥር። ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ እናት በሰው ፊት ቆመው ፊደል ሲሳሳቱ ምን ያህል እንደሚያፍሩ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ይህ ይትባረክ የተባለ መምህር የኮምፒውተር ጨዋታ ሊሠራላቸው አሰበ። ኮምፒውተሩ የፊደሉን ድምፅ ያሰማል፤ ተማሪው ፊደሉን ፈልጎ ጠቅ ያደርጋል፤ ቢሳሳትም ማንም አያየውም።

የሚያስተምርበት የጎልማሶች ትምህርት ጣቢያ ኃላፊ ግን፣ «ኮምፒውተሮቹን ሌላ ክፍል ይፈልጋቸዋል። በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተማሪዎችህ ሲጫወቱ ካየሁ ይቆዩልሃል፤ ካላየሁ ይነሣሉ» አሉት። ያለቀለት ጨዋታ አልጠየቁትም። ለሙከራ የሚሆን ጅምር ብቻ ጠየቁት።

ዐሥራ አምስት ቀን ይበቃ ነበርን? ይበቃ ነበር።

ይትባረክ ግን ፈራ። «በማይሆን ፕሮግራም ብጀምርስ?» አለ። ጨዋታ የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ይጭን ጀመር። የመጀመሪያው በሥዕሎቹ ላይ ጥላ አወጣጡ ያምራል፤ ነገር ግን ከብዶ አሮጌውን ኮምፒውተር አንቆ ያዘው። ሁለተኛው ቀላል ነበር፤ «የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው» የሚል አነበበና ተጠራጠረ። ሦስተኛውን ጫነ። ለሙከራ በእያንዳንዱ የኳስ ሥዕል አዘለለ፤ የውኃ ሥዕል አፈሰሰ። በደብተሩ ሲያወዳድር፣ ሲሰርዝ፣ እንደገና ሲያወዳድር ዐሥራ ሦስት ቀን ሄደ። ምሳውንም ረሳ።

በዚያ ቀን ከተማሪዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ አልጋነሽ ቀደም ብለው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ከሳህ እኮ። ይኼ ዕቃ ምሳህን ይበላብሃል እንዴ?»

«አሁን መርጫለሁ፣ እማማ። ሦስተኛው ይሻላል።»

«እሰይ። በል እስኪ ሀን አሳየኝ።»

ይትባረክ ሀ ብሎ ጻፈ። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ባዶ ሳጥን ወጣ። ለ ብሎ ጻፈ፤ ባዶ ሳጥን። መ ብሎ ጻፈ፤ ባዶ ሳጥን።

እማማ አልጋነሽ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረቡ። «እኔ መሃይም ነኝ» አሉ፤ «ግን ይኼ ሀ ነው? መስኮት ነው የሚመስለኝ።»

ይትባረክ አልሳቀም። የቀሩትን ቀኖች ቆጠረ፤ ሁለት ብቻ።

አስተውሉ፣ ወገኖቼ። ኳስ አዘለለበት። ውኃ አፈሰሰበት። ሀ ግን አልጻፈበትም፤ በዐሥራ ሦስት ቀን አንድ ጊዜ እንኳ። ፕሮግራሙ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ለዚህም መላ አይጠፋም ነበር፤ መላውን የሚማርበት ቀን ግን አልቆበታል።

ያን ጊዜ ለስብሰባ ጽሑፍ የሚያዘጋጅበትን ተራ ፕሮግራም ከፈተ። ከሁሉ አስቀድሞ ሀ ብሎ ጻፈ። ሀ ታየ። አራት ፊደላት አኖረ፤ የገዛ ድምፁን ቀድቶ ጨመረ። ጥላ የለው፣ ውኃ የለው።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን ኃላፊው ከእማማ አልጋነሽ ወንበር ኋላ ቆሙ። ኮምፒውተሩ «አ» አለ። እማማ አልጋነሽ ሀን ጠቅ አደረጉ። ተሳሳቱ፤ ብቻቸውን ሳቅ አሉ። ደገሙት፤ አን አገኙት።

«ይኼ እኮ የስሜ መጀመሪያ ነው» አሉ።

«ይኸው ብቻ ነው?» ሲሉ ኃላፊው ይትባረክን ጠየቁት።

«ለጊዜው ይኸው ብቻ ነው።»

ኃላፊው ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ። እማማ አልጋነሽ ግን ዘወር ሳይሉ ሦስተኛ ጊዜ ደገሙት። «ኮምፒውተሮቹ ይቆዩ» አሉ ኃላፊው።

እናንተስ? ከወንድማችሁ ጋር ለመታረቅ የሚሻለውን ሽማግሌ፣ የሚመቸውን በዓል፣ የሚያምረውን ቃል ስታወዳድሩ ስንት ዓመት ሆናችሁ? የምትጸልዩበትን መጽሐፍ ስትመርጡ፣ ስትመልሱ፣ ደግማችሁ ስትመርጡ ስንት ክረምት አለፈ? በመረጣችሁት ሁሉ ላይ ሀ ጽፋችሁበታልን? «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» ብላችሁበታልን? ወይስ ቀኑ ሲደርስ ባዶ ሳጥን ይወጣባችኋል?

ይትባረክ የተሰጡት ቀኖች ዐሥራ አምስት መሆናቸውን ያውቅ ነበር። ሁለት ቀን ሲቀረው የደነገጠው ስለሚያውቅ ነው፤ የተረፈውም ስለሚያውቅ ነው። ለእናንተ ስንት እንደቀራችሁ ማን ነገራችሁ?

እንግዲያስ ከዚህ ስትወጡ፣ ከደጃፉ ሳትርቁ፣ ሀ ብላችሁ ጀምሩ።