ከታች የታየ ጉልላት

መምህርት እታፈራሁ የንስሐ አባቷን አባ ጥዑመ ልሳንን እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ቁጣ ሲደጋገም ኃጢአት ነው ወይስ ሕመም? በጥር ወር የትምህርት ቤቱ የብረት በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ጭንቅላቴን መታኝ። ቁስሉን ሰፉልኝ፤ ክሩ ሲወጣም ‹ድነሻል› ተባልኩ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እኔ አይደለሁም። ብርሃን ይወጋኛል። ጫጫታ አልችልም። የማስተምራቸውን ልጆች ስም እረሳለሁ፤ እጮህባቸዋለሁ፤ ከዚያ ተደብቄ አለቅሳለሁ። ለራስ ምታቱ ክኒን ሰጡኝ፣ ለዓይኔ መነጽር ገዛሁ፣ ለቁጣዬ ደግሞ በራሴ ፈቃድ ስግደት ጀመርኩ። ስሰግድ ምድር ትዞርብኛለች። ሰኞ ለርዕሰ መምህሩ ሥራዬን እለቃለሁ ልለው ነው። ልጆቹ ምን በደሉ?»

አባ ጥዑመ ልሳን ጥያቄን በቀጥታ መመለስ አይወዱም። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ከአባቱ የወረሰው ደህና ቤት ነበረው፤ ግድግዳው የጠና፣ ክዳኑ የተጠቀጠቀ፣ አናቱ ላይ የሸክላ ጉልላት የተደፋበት። በዚያ አገር ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ጉልላት መንካት ሟርት ነው ይባል ነበር። ስለዚህ ጉልላት አንዴ ከተደፋ ማንም እጁን አያስጠጋውም።

በሰኔ ዐውሎ ነፋስ ተነሣና ከቤቱ ጎን የቆመው ዋርካ ቅርንጫፉን ጣለ። ቅርንጫፉ የቤቱን አናት መትቶ፣ በክዳኑ ላይ ተንሸራቶ ደጅ ወደቀ። ገበሬው ወጥቶ አንጋጠጠ። ክዳኑ አልተገለጠም፤ ጉልላቱም ቦታው ላይ ነው። «ተመስገን» አለና ቅርንጫፉን ፈልጦ ማገዶ አደረገው። ማገዶው ሲያልቅ ነገሩም ተረሳ።

ክረምቱ ሲጠና ቤቱ ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ መኝታው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ገበሬው ሣር ከዳኝ ጠርቶ ከመኝታው በላይ ሣር አስጨመረ። ያ ሳይደርቅ በበሩ በኩል ግድግዳው አበጠና ተላጠ፤ ለሱም መራጊ ጠራ። ወዲያው ደግሞ ጎታው ውስጥ ያለው ስንዴ ሻገተ። ለዚህኛው የሚጠራው ባለሙያ ስላጣ ሚስቱን ጠራ።

«እርጥብ እህል ነው ያስገባሽው!» አላት።

«ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ በጥርሴ ቆርጥሜ አይቼ ነው ያስገባሁት» አለች።

ሰው ጥፋተኛ ካገኘ በኋላ ምስክር አይሰማም። በነጋ በጠባ ስንዴውን እያነሣ ሲነተርካት ጊዜ ሴትዮዋ ነጠላዋን አንሥታ አባቷ ቤት ገባች። እሱም ብቻውን ቀርቶ ጠብታውን ሲያዳምጥ መረረው። «ይህ ቤት ክፉ ዐይን ገብቶበታል። ክረምቱ ሲወጣ አፈርሰዋለሁ» ብሎ ማለ። የአባቱን ቤት እኮ ነው!

አንድ እሑድ የሚስቱ አባት ልጃቸውን ይዘው ለእርቅ መጡ። ሽማግሌው ግን እንደ ሌላው አስታራቂ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው አልጀመሩም። መደቡ ላይ ተቀምጠው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና፣

«ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

«የቱ ነገር? የመኝታው ነው፣ የግድግዳው ነው ወይስ የስንዴው?» አለ ገበሬው።

«እኔ የማየው አንድ ቤት ነው። አምና ክረምት ያፈስ ነበር?»

«ኧረ ጠብ ብሎ አያውቅም!»

«ታዲያ ከአምና ወዲህ ምን አገኘው?»

«ምንም።»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ቅርንጫፉስ?» አለች።

«እሱማ ሳይጎዳው አለፈ» አለ ገበሬው። «ወጥቼ አይቻለሁ።»

«የት ሆነህ?» አሉ ሽማግሌው።

«ደጅ ቆሜ።»

«ከታች ነዋ! በል መሰላል አምጣ።»

ገበሬው ደነገጠ። «አባቴ፣ ጉልላት እኮ ነው! እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«አንተ በሕይወት እያለህ ቤትህ ሊፈርስ አይደለም እንዴ?» አሉት።

ገበሬው እያማተበ ወጣ። ሣር ከዳኙም በዚያው ክረምት እዚያ ድረስ ወጥቶ ነበር፤ ጉልላቱ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ግን እጁን ሰብስቦ ወርዷል። ገበሬው ጉልላቱን በሁለት እጁ ያዘው። ሲያዩት ሙሉ ነው። ሲያነሣው ግን ግማሹ በቀኝ እጁ፣ ግማሹ በግራው ቀረ። ከሥሩ ያለው ሣር በስብሶ ጠቁሯል። ውሃው በዚያ ስንጥቅ እየገባ፣ በየወራጁ እንጨት ላይ እየተንሸራተተ፣ አንዱ መኝታው ላይ፣ አንዱ ግድግዳው ውስጥ፣ አንዱ ጎታው ላይ ይወርድ ኖሯል።

ገበሬው እዚያው አናት ላይ እንዳለ ቁልቁል ሚስቱን አያት። «ስንዴውን አድርቀሽው ነበር» አላት። ከዚያ የበለጠ ይቅርታ መጠየቅ አልቻለም፤ እንባው ቀደመው።

አባ ጥዑመ ልሳን ተረቱን እዚህ ላይ ገቱ። ቀጥለውም ወደ እታፈራሁ ዞሩ።

«ልጄ፣ መነጽሩን ለሰጠሽ ሰው ስለ በሩ ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ክኒን ለሰጠሽስ?»

«ራሴን ያመኛል ብቻ ነው ያልኩት።»

«ለምን?»

እታፈራሁ አንገቷን ደፋች። «ጭንቅላቷ ተነክቷል እንዳልባል ፈርቼ ነው አባቴ። አንዴ እንደዚያ ከተባልኩ ልጁን አምኖ የሚሰጠኝ ማን ነው?»

«አየሽ፣ ያንቺም አገር ጉልላት አያስነካም» አሉ አባ። «ያ ቤት አንቺ ነሽ። ቅርንጫፉ በሩ ነው። ክኒኑም መነጽሩም ጠብታው በታየበት በኩል የተጨመረ ሣር ነው። ያለ ጥፋቷ የተከሰሰችው ሴት ደግሞ ጸባይሽ ናት። እኔ ሳውቅሽ ልጅ የምትቆጪ ሴት አልነበርሽም።

«ኃጢአት ነው ወይስ ሕመም ብለሽ ጠየቅሽኝ። አላውቅም። እኔም ከታች ነኝ፤ የሰው ራስ ውስጥ አላይም። መሰላሉ ያለው ሐኪም ዘንድ ነው። ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሥራ ልትለቂ ሳይሆን ፈቃድ ልትጠይቂ ግቢ። ከዚያም ከተማ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ሄደሽ የጭንቅላት ጉዳት የሚያውቅ ሐኪም ፈልጊ። ከራስ ምታቱ አትጀምሪ፤ ከበሩ ጀምሪ። ‹ከዚያ ቀን ወዲህ› በይና ብርሃኑንም፣ መርሳቱንም፣ ማዞሩንም፣ ልቅሶውንም አንድ ላይ ንገሪው። እናትሽን አስከትዪ፤ አንቺ የዘነጋሽውን እሷ ታስታውሳለች። አንዱ ሐኪም ጠባሳውን ብቻ አይቶ ‹ድነሻል› ቢልሽ፣ ከደጅ ነው ያየው፤ ሌላ ጠይቂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ስግደቱስ አባቴ?»

«ስግደቱንማ ከዛሬ ጀምረሽ ተዪ!» አሉ ቆጣ ብለው። «የተሰነጠቀ ሸክላ መሬት ላይ ማጋጨት ምን የሚሉት ጽድቅ ነው? ቆመሽ ጸልዪ፤ መቆሙም ካዞረሽ ተቀምጠሽ።»

እታፈራሁ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ መስቀል ተሳልማ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«አባቴ፣ ጉልላቱ ሲቀየር ቤቱ ወዲያው ደረቀ?»

«አልደረቀም» አሉ አባ ጥዑመ ልሳን። «ግድግዳው እስኪጠነክር መስቀል አለፈ። መኝታውማ እስከ ኅዳር ሻጋታ ሻጋታ ይሸት ነበር። ግን ስንጥቁ ከታወቀ ወዲያ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም አልከሰሰም።»