ገጽ ሰባትን እንቢ ያለው ማሽን

ቀረብ በሉ፣ ወሬ ልንገራችሁ። የሚቸኩል ካለ አሁኑኑ ይሂድ፤ ይሄ ወሬ ከቢሮ ቢሮ ስለሚያዞር መሀል ላይ መውጣት አይቻልም።

ታንጉት የምትባል ፎርማን ነበረች። አገዳ በሚባል ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ ታሠራ ነበር። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሁለት ሰው ወስዷል፤ ስለዚህ የማዶ ሰዎች ድልድዩን የሚጠብቁት ቀን እየቆጠሩ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ፌሮው እየታሰረ ነው፣ ጠጠሩ ተከምሯል፣ አሥራ ስምንት ሠራተኛ አካፋውን ይዞ ቆሟል። የአርማታ ማቡኪያው ግን የተውሶ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ሰማዩም በተራራው በኩል መጥቆር ጀምሯል።

በዚህ መሀል አንዲት ላም መጣች። ታንጉት ፕላኑን ድንጋይ ላይ ዘርግታ ውሃ ልትጠጣ ዞር ስትል፣ ላሟ ገጽ ሰባትን ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ገጽ ሰባት ማለት ደግሞ በድልድዩ እግር ውስጥ ስንት ፌሮ እንደሚገባ የሚናገረው ገጽ ነው።

«አሥር መሰለኝ» አለ ፌሮ አሳሪው።

«በ‹መሰለኝ› ሰው አላሻግርም» አለች ታንጉት፤ ባጃጅ ይዛም ወደ ከተማ፣ ወደ ግንባታ ጽሕፈት ቤቱ በረረች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የገጽ ሰባት አንድ ቅጂ።

ጽሕፈት ቤቱ አልጋ የሚያህል የፕላን ማባዣ ማሽን አለው። ድሮ ማንም እየገባ ያባዛበት ነበር። ኋላ ግን አንዱ የመኖሪያ ቤቱን ፕላን፣ ሌላው የእህቱን የሠርግ ፖስተር አባዛበት ተባለና የቁጥጥር ደንብ ወጣ። ይኸው ሦስት ወር ሆነው፤ ማን አባዛ፣ መቼ አባዛ፣ ስንት አባዛ፣ ለምን አባዛ የሚለው ሳይታወቅ ማሽኑ ወረቀት አይተፋም።

ከማሽኑ አጠገብ ትርሲት የምትባል ወጣት ተቀምጣለች። ሥራዋ ማባዛት ነው፤ ከሦስት ወር ወዲህ ግን ዳንቴል ትሠራለች።

«እህቴ፣ ላም ገጽ ሰባትን በላችብኝ፤ አንድ ቅጂ አውጪልኝ» አለቻት ታንጉት።

«ዋናው ይኸውልሽ፣ መስታወት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ አለ» አለች ትርሲት፣ በጣቷ እያሳየች። «ግን ማሽኑ ያለ ካርድ አይነሳም። ካርዱ አቶ መንበሩ ጋ ነው።»

«ዘርጊልኝና በስልኬ ፎቶ አንሥቼው ልሂድ?»

«ኧረ እንዳታደርጊው! ስልክሽ ቆጣሪ የለውም። ስንቴ እንዳነሳሽው በምን ይታወቃል?»

ታንጉት ወደ አቶ መንበሩ ሄደች። አቶ መንበሩ ካርዱን ባለ ሁለት ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው፣ መሳቢያው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ላሟ ገጽ ሰባትን በላች፤ ማሽኑ ያለ ካርድ አይነሳም፤ እባክዎ ካርዱን ይስጡኝ።»

«በደስታ ነበር» አሉ አቶ መንበሩ። «ግን ካርዱ ያለ መዝገብ አይወጣም። መዝገቡ ላይ ስምሽ ሳይሰፍር ካርዱን ብሰጥሽ፣ ካርዱ እንደወጣ ማን ያውቃል?»

«እርስዎ ያውቃሉ።»

«እኔማ አውቃለሁ» አሉ አዝነው። «የእኔ ማወቅ አይመዘገብም።»

ታንጉት ወደ ወይዘሮ ሙሉብርሃን ሄደች። ወይዘሮ ሙሉብርሃን የማሽኑ መዝገብ ያዥ ናቸው። መዝገቡ ትራስ ያህል ነው፤ አንድም ገጹ አልተጻፈበትም፤ አቧራ እንዳይነካው በነጠላ ሸፍነውታል።

«እትዬ፣ ላሟ ገጽ ሰባትን በላች፤ ማሽኑ ያለ ካርድ አይነሳም፤ ካርዱ ያለ መዝገብ አይወጣም፤ እባክዎ መዝገቡን ይክፈቱልኝ።»

«እኔን! ምን ዓይነት ላም ናት?» አሉና እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። «እከፍትልሽ ነበር የኔ ልጅ። ግን መዝገቡ ያለ ፊርማ አይከፈትም። ይኸውልሽ ፎርሙ፤ ሞልተሽ ኢንጂነር ደምሰውን አስፈርሚ።»

ፎርሙን እዚያው ቆማ ሞላች። ለምን እንደምታባዛ በሚለው ቦታ ላይ «ድልድዩ እንዳይወድቅ» ብላ ጻፈች። ወይዘሮ ሙሉብርሃን በመነጽራቸው አይተው፣ «ይሄ ትንሽ ያጥራል፤ ግን ይሁን» አሉ።

ኢንጂነር ደምሰው የቁጥጥሩ አባት ናቸው። ግድግዳቸው ላይ ካርዱን፣ መዝገቡንና ፎርሙን በቀስት የሚያገናኝ ትልቅ ሥዕል ሰቅለዋል፤ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን እንዲያይ ይፈልጋሉ። ታንጉትም አየች። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፣

«ኢንጂነር፣ ላሟ ገጽ ሰባትን በላች፤ ማሽኑ ያለ ካርድ አይነሳም፤ ካርዱ ያለ መዝገብ አይወጣም፤ መዝገቡ ያለ ፊርማ አይከፈትም፤ እባክዎ ፊርማዎን ያሳርፉልኝ» አለች።

ኢንጂነር ደምሰው በደስታ ተነሡ። «እንዴት ጥሩ አድርገሽ ተረዳሽው! ሠራተኞቼ እንኳ እንዲህ በቅደም ተከተል አይሉትም።» ብዕራቸውን አወጡ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ መልሰው ከደኑት። «ግን ፊርማዬ ያለ ሪፖርት አያርፍም። በሦስቱ ወር ውስጥ ስንት ገጽ እንደተባዛ ሳላውቅ አንድ ገጽ ልጨምርበት? በምን ላይ ነው የምጨምረው?»

«ኢንጂነር፣ ሠራተኞቼ አካፋ ይዘው ቆመዋል። ዝናቡ ከቀደመን ጉድጓዱ ይሞላል። ማቡኪያው ነገ ይሄድብኛል።»

«ይገባኛል፣ ይገባኛል» አሉ፤ በእውነትም የገባቸው ይመስል ነበር። «ሪፖርቱን የሚሠራው ይበልጣል ነው። ቶሎ በይ።»

ታንጉት ከቢሮው ስትወጣ ፎርሙን አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተች። በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ስንት ጎረምሳ የምታዝ ሴት፣ በአንድ ወረቀት ምክንያት ኮሪደር ላይ ልታለቅስ? እንባዋን ዋጥ አደረገችና ሄደች።

ይበልጣል ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆኖ ለውዝ ይፈለፍላል።

«ወንድሜ፣ ላሟ ገጽ ሰባትን በላች፤ ማሽኑ ያለ ካርድ አይነሳም፤ ካርዱ ያለ መዝገብ አይወጣም፤ መዝገቡ ያለ ፊርማ አይከፈትም፤ ፊርማው ያለ ሪፖርት አያርፍም፤ በናትህ ሪፖርቱን ጻፍልኝ።»

«ሪፖርቱማ አልቋል» አለ ይበልጣል።

«ተመስገን!»

«ቁጥሩ ብቻ ነው የቀረው። ሪፖርቱ ያለ ቁጥር አይጻፍም። ቁጥሩ ያለ ቴክኒሻን አይነበብም። ቆጣሪው በማሽኑ ጀርባ፣ በብረት ክዳን ውስጥ ነው፤ ክዳኑን የሚፈቱት አቶ ጌጡ ብቻ ናቸው።»

«አቶ ጌጡ የት አሉ?»

ይበልጣል ለውዙን ያዘና በአንድ ጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ኮርኒሱ አመለከተ። ታንጉት ሰውዬው የሞቱ መስሏት፣ «ውይ! መቼ?» አለች።

«ጠዋት ነው የወጡት» አለ ይበልጣል። «ጣሪያ ሊጠግኑ።»

ታንጉት ወደ ግቢው ወጣች። እውነትም አቶ ጌጡ ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጥበቃው ከታች ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያቸዋል።

«ጋሽ ጌጡ!» ብላ ጮኸች። «ላሟ ገጽ ሰባትን በላች! ማሽኑ ያለ ካርድ አይነሳም! ካርዱ ያለ መዝገብ አይወጣም! መዝገቡ ያለ ፊርማ አይከፈትም! ፊርማው ያለ ሪፖርት አያርፍም! ሪፖርቱ ያለ ቁጥር አይጻፍም! ቁጥሩ ያለ እርስዎ አይነበብም! እባክዎ ይውረዱልኝ!»

«የኔ እመቤት» አሉ አቶ ጌጡ ከላይ፣ ድምፃቸው ደርቋል። «መውረድ እኔ ጠልቼ ነው? ሥራዬን ከጨረስኩ ቆየሁ። መሰላሉን ወሰዱት።»

«ማን ወሰደው?»

«ንብረት ክፍል። መሰላል የሚፈቀደው ለሁለት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ሲሞላ መጥተው አነሡት። ‹እኔስ?› ብላቸው፣ ‹እርስዎ እዚህ ላይ አልተመዘገቡም› አሉኝ። አሁን መሰላሉ ያለ ማዘዣ አይወጣም።»

«ታዲያ ማዘዣውን አይሞሉም?»

«ማዘዣው ያለ እኔ አይሞላም! ቀርቤ መፈረም አለብኝ። ለመፈረም መውረድ አለብኝ፤ ለመውረድ መሰላል ያስፈልገኛል። ምሳዬንም አልበላሁ።»

ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ። «ከጠዋት ጀምሮ እያጫወትኳቸው ነው» አለ።

ታንጉት ዞር አለች። ንብረት ክፍል በግቢው ማዶ ነው። እየተራመደች የምትለውን ትለማመድ ጀመር፤ «ላሟ ገጽ ሰባትን በላች፤ ማሽኑ ያለ ካርድ አይነሳም፤ ካርዱ ያለ መዝገብ አይወጣም፤ መዝገቡ ያለ ፊርማ አይከፈትም፤ ፊርማው ያለ ሪፖርት አያርፍም፤ ሪፖርቱ ያለ ቁጥር አይጻፍም፤ ቁጥሩ ያለ ቴክኒሻን አይነበብም፤ ቴክኒሻኑ ያለ መሰላል አይወርዱም፤ መሰላሉ ያለ...»

ስልኳ ጮኸ። ፌሮ አሳሪው ነበር።

«ታንጉት፣ ከላይ በኩል ዘንቧል መሰለኝ፣ የወንዙ ውሃ ቀለሙን ቀይሯል። ምን እናድርግ? በአሥሩ እንሙላው?»

«እንዳትነኩት! እየመጣሁ ነው» አለችና ዘጋችው።

ቆመች። ንብረት ክፍልን አየች፤ በሩ ላይ አምስት ሰው ፎርም ይዞ ተሰልፏል። ጣሪያውን አየች። ከፍታውን በዓይኗ ለካች፤ ሦስት ሜትር ከሩብ ቢሆን ነው። ከአጥሩ ሥር የተጣሉ አራት ባዶ በርሜሎችና ሁለት ወፍራም ጣውላዎች ነበሩ። ታንጉት ከጠዋት ጀምሮ ሰው ስትለምን ውላለች፤ የዕለት ሥራዋ ግን ልመና አልነበረም።

«አንተ!» አለች ጥበቃውን፣ ወንዝ ተሻግሮ በሚሰማው በሥራ ቦታ ድምፅዋ። «ያንን በርሜል አምጣ!»

ጥበቃው ዘሎ ተነሣ። «ፈ... ፈቃድ አለሽ?»

«ግራውን ያዝ! ቀጥ አርገው! አንተ ባለ ለውዙ፣ መስኮት ላይ ምን ታያለህ? ና ጣውላውን አንሣ!»

ይበልጣል ለምን እንደሚታዘዝ ሳይገባው ወጣ። ትርሲት ዳንቴሏን ጥላ መጣች። አቶ መንበሩ ከመሳቢያው ተነሡ፤ በሦስት ወር ውስጥ በሥራ ሰዓት ሲነሡ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለት በርሜል ከታች፣ ጣውላ በላዩ፣ ሦስተኛው በርሜል በጣውላው ላይ፣ አራተኛው ከጎን እንደ መረገጫ፣ ሁለተኛው ጣውላ እንደ መደገፊያ። ታንጉት ራሷ ወጥታ ረገጠችው፣ ነቀነቀችው፣ አልተንቀሳቀሰም። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

«ይውረዱ ጋሼ። ቀኝ እግርዎን እዚህ ጋ። ትከሻዬን ይያዙ።»

አቶ ጌጡ መሬት ሲረግጡ ግቢው ሁሉ አጨበጨበ። እሳቸው ግን ጊዜ አላጠፉም፤ መፍቻቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ሮጡ።

ቴክኒሻኑ ወረዱ፤ ቁጥሩ ተነበበ። ቁጥሩ ተነበበ፤ ሪፖርቱ ተጻፈ። ሪፖርቱ ተጻፈ፤ ወደ ኢንጂነር ደምሰው ተወሰደ።

ኢንጂነሩ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «በሦስት ወር የተባዛ ገጽ ብዛት፣ ዜሮ» አሉ። ፊታቸው በራ። «ዜሮ! አንድም ያልተፈቀደ ቅጂ የለም! ቁጥጥሩ ሠርቷል ማለት ነው!» የታንጉትን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አሏት፣ በደስታም ፊርማቸውን ትንሽ አስረዝመው ፈረሙ።

ፊርማው አረፈ፤ መዝገቡ ተከፈተ። ወይዘሮ ሙሉብርሃን ነጠላውን ገፈው የመጀመሪያውን ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉ። መዝገቡ ተከፈተ፤ ካርዱ ወጣ። ካርዱ ወጣ፤ ማሽኑ ተነሣ፣ አጉረመረመ፣ አንድ ወረቀት ተፋ። ትርሲት ትኩሱን ወረቀት ጠቅልላ፣ በዳንቴል ክሯ አስራ፣ ለታንጉት ሰጠቻት።

«ባጃጅ አትጠብቂ፤ ሞተር ብስክሌት አለኝ» አሉ አቶ ጌጡ። «ቢሮው ውስጥ አንድ ደቂቃ ከቆየሁ ደግሞ የሆነ ነገር ላይ ይሰቅሉኛል።»

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። ታንጉት ገጽ ሰባትን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ ፌሮ አሳሪው በትከሻዋ በኩል አንገቱን አስግጎ አየ። አሥራ አራት ይላል። በግልጽ፣ በትልቁ፣ አሥራ አራት።

ፌሮ አሳሪው አራት ፌሮ አንሥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አርማታው ተቦካ፣ በአሥራ ስምንት አካፋ ተገፋ፣ ተሞላ፤ አቶ ጌጡም ሸሚዛቸውን አውልቀው ባልዲ አቀበሉ። ሲጨርሱ ላስቲክ አለበሱት። ዝናቡ የመጣው በማግስቱ ነበር።

በክረምቱ አገዳ ወንዝ እንደ ልማዱ ሞልቶ፣ ጉማጅ እንጨት እየተሸከመ መጣ። የድልድዩን እግር መታው፣ ገፋው፣ ዞሮት አለፈ። በላዩ ሰው ይሄድ ነበር፤ አንዲት ሴት ሽንኩርቷን ተሸክማ፣ ወደ ታች እንኳ ሳታይ።

ወሬዬ ይሄው ነው። የሰማ ሁሉ ስሙንና የሰማበትን ምክንያት ጽፎ ይፈርምልኝ፤ ያልሰማም ያልሰማበትን።